እማዬን ጣሊያን ተራራ ላይ ያለችው "ኢየሩሳሌም" ወሰድኳት (ቫራሎ)፣ ስንመለስ የጠየቀችኝን መመለስ አቃተኝ

የፖርታ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

እናቴ ለሦስት ወር ሚላን እኔ ጋ መጥታለች። ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን ሕልሟ ኢየሩሳሌም መሳለም ነው፣ ለትንሳኤ የሚሄዱ የሰፈር ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ሲሸኙ እያየች ስታለቅስ ነው ያደግኩት፣ አንዴ ብሩ ሞላ ስትል ጉልበቷ እምቢ አለ፣ ጉልበቷ ሲሻላት ብሩ ለልቅሶ ወጣ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀረ። ይሄን ለአንድ ጣሊያናዊ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራለት "ታዲያ ቫራሎ ውሰዳታ፣ እዛ ኢየሩሳሌም አለ" አይለኝም? የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቫራሎ ማለት ፒዬሞንቴ ውስጥ ቫልሴሲያ ሚባል ሸለቆ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ከሚላን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከከተማዋ በላይ ገደል ጫፍ ላይ ሳክሮ ሞንቴ ሚሉት አለ፣ ቅዱስ ተራራ ማለት ነው። እዛ ላይ 45 ጸሎት ቤቶች ዛፍ ለዛፍ ተበትነዋል፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ታሪክ፣ ከአዳምና ሔዋን ተነስቶ በብስራት በልደት አድርጎ እስከ መቃብሩ። ግን በሥዕል ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሰው ቁመት ልክ የተሠሩ ሐውልቶች ናቸው ውስጥ ቆመው ያሉት፣ ባጠቃላይ 800 ምናምን ይሆናሉ ይባላል፣ ከሸክላና ከእንጨት፣ የመስታወት ዓይን ያላቸው አሉ፣ የምር ፀጉርና ፂም የተተከለላቸው አሉ፣ ጨርቅ የለበሱም አሉ። አብዛኞቹ ውስጥ አትገባም፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ አጮልቀህ ነው ምታየው።

የጀመረው በርናርዲኖ ካይሚ ሚባል የሚላን ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ነው፣ ቅድስት ሀገር ኖሮ የተመለሰ፣ በፈረንጅ 1491። መቃብሩ ጋ በላቲን የተጻፈ ነገር አለ፣ ባልደረባዬ ትርጉሙን ስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበልን፣ "መጓዝ ያልቻለ ሰው ኢየሩሳሌምን እዚህ ያይ ዘንድ" ነው ሚለው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ቀጥ ብላ ቆመች። "ለኔ ነዋ የሠራው" አለች።

ከዛ ስቅለቱ ጋ ደረስን (38ኛው)። አፍንጫችንን ፍርግርጉ ላይ ለጥፈን እያየን፣ ሦስቱ መስቀሎች ከላይ፣ ከታች ወታደር፣ ፈረስ፣ እመቤታችን ስትዝለፈለፍ ሴቶቹ ደግፈዋት፣ ልጅ የታቀፈች ሴት፣ ከኋላ ሕዝብ በሕዝብ፣ የትኛው ሐውልት የትኛው ግድግዳ ላይ የተሳለ እንደሆነ ለመለየት ዓይኔን ሁለት ሦስቴ አሸሁ። ዞር ስል እማዬ ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። አንዲት የሀገሬው አሮጊት አይታ ፈገግ አለችላት።

ሌላው ደግሞ፣ ጌታን ከሚያሰቃዩት መሀል አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸው ሰዎች አሉ!! የምሬን ነው። እማዬ "ውይ በሞትኩት፣ ፈረንጅም እንቅርት ያወጣል?" ብላ ባልደረባዬ ምን አለች ሲለኝ መተርጎም አቃተኝ።

መኪና ውስጥ ዝም ብላ ዝም ብላ ኖቫራ ስንደርስ "አንተ፣ ዛሬ ያየነው ጣዖት ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔ ምን ልበል? ልጅ ሆኜ ሐውልት የካቶሊክ ነው፣ የኛ ሥዕል ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ለምን ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም። እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ።


ወለተ ኪዳን ሮማ | ማክሰኞ ማታ 3፡58

"ለኔ ነዋ የሠራው" 😭😭 እማዬ ትኑርልን። ፎቶ የታለ ታዲያ?


የፖርታ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡05

በፍርግርግ ቀዳዳ ያነሳሁት ነው ሁሉም ግማሹ ብረት ነው እህቴ፣ ነገ ደህና ደህናውን መርጬ እለጥፋለሁ።


ዘደብረ ታቦር | ማክሰኞ ማታ 4፡31

ወንድሜ መጀመሪያ እናትህን እግዚአብሔር ምኞቷን ይፈጽምላት።

ለጥያቄው፣ በኛ ሥርዓት ቤተ መቅደስ ውስጥ ሐውልት አናቆምም፣ ቅዱሳት ሥዕላትን ግን እናከብራለን እንሳለማለን፣ ስግደቱም የአክብሮት እንጂ የአምልኮ አይደለም። ዘጸአት 20 "የተቀረጸውንም ምስል" ሲል ግልጽ ነው። ሥዕል ስትስል ወደ ሌላ እያመለከትክ ነው፣ ሐውልት ግን አካል አለው፣ ጥላ አለው፣ ዞረህ ታየዋለህ፣ ልብህ እዛው ይቀራል። አሁን አንተ የነገርከን ደግሞ ፀጉር ተተክሎለት፣ ልብስ ለብሶ... ይሄ ይከብደኛል እውነቱን ለመናገር። እናትህን ግን ኃጢአት ሠራሽ እንዳትላት፣ ያየችው ታሪክ ነው።


በቃ ወንጌል | ማክሰኞ ማታ 4፡44

ዘጸአት 20 ካነሳህ አይቀር "የማናቸውንም ምሳሌ" ይላል እኮ አብሮ። ሥዕሉንም ይጨምራል 🙂


ዘደብረ ታቦር | ማክሰኞ ማታ 4፡52

ወንድሜ ዘጸአት 25ንም ገልጠህ አንብብ፣ በታቦቱ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ ሥራ ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው። ይሄን ክርክር እዚህ ከጀመርነው እስከ ጾመ ነቢያት አንጨርሰውም።


ከአዲግራት | ማክሰኞ ማታ 5፡03

ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ነኝ፣ ሐውልት ስር ነው ያደግኩት፣ ማንም ሸክላ ሲያመልክ አላየሁም። ዲያቆን ዘደብረ ታቦር፣ ሥዕል ወደ ሌላ ያመለክታል ላሉት፣ ሐውልትስ ወዴት ያመለክታል? ደግሞ ሳይቀየሙኝ፣ ባገራችን ስንት ቤተ ክርስቲያንና ስንት ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው የማርያም ፖስተር የማን አሳሳል ነው? የፈረንጅ ነው እኮ።


ዘደብረ ታቦር | ማክሰኞ ማታ 5፡10

እሱ ላይ እስማማለሁ። ያ ፖስተር እኔንም ያናድደኛል።


ቀለም ቀቢው | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ሥዕል ተምሬ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምቀባ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እዚህ ክር ላይ ሁለቱንም ሙያ ወክዬ ልናገር 😂

ጎበዝ ሁላችሁም ጣዖት ነው አይደለም ላይ ቀራችሁ፣ የሠራውን ሰው ስም እንኳ ማንም አልጠራም። ጋውዴንዚዮ ፌራሪ ይባላል። እዛው ሸለቆ ውስጥ ቫልዱጃ ምትባል መንደር የተወለደ፣ 1546 ላይ ሚላን የሞተ። ሎማዞ ሚባል የሚላን ሰዓሊ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ የሥዕል ገዥዎች (አለቆች ማለቱ ነው) ብሎ ሰባት ሰው ሲቆጥር እነ ሚካኤል አንጄሎ እነ ሊዮናርዶ እነ ራፋኤል ያሉበት ዝርዝር ውስጥ ይሄን ሰው አስገብቶታል። ዛሬ ማን ያውቀዋል? ለምን በሉኝ፣ ዋናው ሥራው ሸራ ላይ አይደለማ፣ ተራራ ላይ ከግድግዳና ከሸክላ ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ ሙዚየም ተሸክሞት አይሄድ፣ ጨረታ አይወጣ።

የ38ኛው ቤት ሥዕሉም ሐውልቱም የሱና የረዳቶቹ ነው፣ በ1510ዎቹ መጨረሻና በ1520ዎቹ መሀል ባሉት ዓመታት የተሠራ። የፖርታ ልጅ ዓይኔን አሸሁ ያልከው እኮ ሰውዬው ያሰበው ነው የሆነልህ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ፊት ያለው ሰው ሙሉ አካል ሐውልት ነው፣ ከኋላው ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሰው የልብሱ ቀለም፣ የቁመቱ ልክ፣ ዓይኑ የሚያይበት አቅጣጫ ከሐውልቱ ጋር የተሰናሰለ ስለሆነ መሀላቸው ያለው ስፌት አይታይህም። 5ኛው ቤት ሰብአ ሰገል ጋ ሂዱና እዩ፣ ሰልፉ ግድግዳው ላይ ይጀምርና ፈረሶቹና አጃቢዎቹ ወለሉ ላይ ሐውልት ሆነው ይወርዳሉ።

አሁን ደግሞ እንደ ልስን ሠራተኛ ልናገር። ግድግዳው ላይ ያለው ኖራው ሳይደርቅ የሚሳል ነው። ዛሬ ስለህ ምትጨርሰውን ያህል ብቻ ትለስናለህ፣ ከደረቀብህ አለቀ፣ ቀለሙ አይጠጣም፣ አፍርሰህ እንደገና ነው። ሸክላው ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ሙሉ ሰው አንዴ እቶን አይገባም፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቁራጭ ቁራጭ ተደርጎ ይተኮስና ይገጣጠማል፣ መገጣጠሚያው ይደፈናል፣ ከዛ ይቀባል። በተኮስክ ቁጥር ሸክላ ይኮማተራል፣ ጀበና የሠራች ሴት ታውቀዋለች። አንድ ሰው ሁለቱን ሙያ እኩል ችሎ መሀሉን ማጥፋት... እኔ አንዱንም አልቻልኩም።

ደግሞ ከታች፣ ወደ ተራራው ከመውጣትህ በፊት ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ገብታችሁ ነበር? መሀል ላይ ገዳማውያኑን ከሕዝቡ የሚለይ ትልቅ ግድግዳ አለ፣ ሙሉውን ጋውዴንዚዮ በ1513 ስሎታል፣ 21 ክፍል፣ ስቅለቱ መሀል ላይ የአራት ክፍል ቦታ ይዞ። እዛ ላይ ገና ሐውልት ውስጥ ሳይገባ እጁ እያሳከከው እንደነበር ያስታውቃል፣ የወታደሮቹ ጥሩርና ራስ ቁር ከግድግዳው አብጦ ወጥቶ በወርቅ ተለብጧል፣ ሥዕል መሆን በቅቶታል። እንደዚህ አይነት ግድግዳ ሌላ ቦታ ብዙው ፈርሷል፣ ይሄ ተረፈ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ ሥራ ረፈደብኝ። ያ ፍርግርግ መጀመሪያ አልነበረም። ጋውዴንዚዮ ሲሠራው ተሳላሚው በር ከፍቶ ገብቶ መሀላቸው ነበር ሚቆመው። አስቡት፣ ሻማ ይዘህ ገብተህ፣ ከግራህ ያለው ሰውዬ ተሳላሚ ይሁን ወታደር ሳታውቅ፣ ቀና ስትል ጣሪያው ላይ ሚያለቅሱ መላእክት። አንተም ከሰቃዮቹ ጋር ቆመሃል። ፍርግርጉ በኋላ የመጣ ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹን ሥራ ነው የገደሉት።


ዘደብረ ታቦር | ረቡዕ ጠዋት 2፡02

ቀለም ቀቢው አመሰግናለሁ ብዙ ተማርኩ። ግን የመጨረሻዋ አንቀጽህ እኔን ነው የደገፈችው። ሰው ከሐውልት መሀል ቆሞ ማን ሕያው ማን ሸክላ እንደሆነ ከጠፋው እሱ ትምህርት ነው ቴአትር?


ቀለም ቀቢው | ረቡዕ ቀን 6፡40 (ምሳ ሰዓት)

ቴአትር ነዋ! ቴአትር ቢሆን ምን አለበት? ጥምቀት ላይ ታቦት ወጥቶ ውሃ ዳር አድሮ ሕዝቡ ሲረጭ ዮርዳኖስን እየደገምን አይደል? ስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ? ልዩነቱ እኛ በሰው ነው ምንሠራው እነሱ በሸክላ።


ዘደብረ ታቦር | ረቡዕ ቀን 6፡55

በሰው መሆኑ እኮ ነው ልዩነቱ ወንድሜ። ሰው ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሐውልቱ ግን እዛው ቆሞ ይጠብቅሃል።


ሲስተር ጄኖቫ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡15

እኔ ነርስ ነኝ ስለ ሥዕል አላውቅም ግን እንቅርቱን ላስረዳ 🙋🏾‍♀️ እማዬ ያዩት ትክክል ነው። እንቅርት ዋናው ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው፣ ተራራማ ቦታ አፈሩና ውሃው አዮዲኑ ታጥቦ ስለሚሄድ እህሉም አትክልቱም ላይ አይገኝም፣ አንገት ላይ ያለችው እጢ ደግሞ አዮዲን ስታጣ ለመካካስ ብላ ታብጣለች። አልፕስ ተራራ ስር ያሉ ሸለቆዎች በዚህ የታወቁ ነበሩ፣ ልክ እንደኛ ደጋ። ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከዛ በፊት እዛ ሸለቆ ውስጥ እንቅርት ማየት እኛ ገጠር እንደማየት ነበር። ስለዚህ ቀራጮቹ ሰፈራቸው ያዩትን ሰው ነው የቀረጹት ማለት ነው። ግን አንድ ነገር አበሳጨኝ፣ የታመመውን ሰው ለምን ክፉ አደረጉት? አያቴ እንቅርት ነበረባት፣ እንደሷ ደግ ሰው አላየሁም።


ላስታ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡48

ሲስተር ጥሩ ጥያቄ። በኛስ ሥዕል ክፉ ሰው በጎን እየታየ ባንድ ዓይን ሚሳለው ለምን ይመስልሻል? ጻድቅ ፊት ለፊት ሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ሰቃዮቹ ጎን ለጎን አንድ ዓይን። መጻፍ ማንበብ ማይችል ገበሬ ገብቶ ማን ማን እንደሆነ ባንዴ ይለይ ነው ነገሩ። እነሱ እንቅርትና ጥርስ አልባ አፍ ተጠቀሙ። ለታመመው ሰው ግፍ መሆኑ አይቀርም፣ ያ እንቅርት ያለበት የቫራሎ ገበሬ እሁድ ልጆቹን ይዞ ሲሳለም ምን ይሰማው ነበር እላለሁ።

አሁን ግን ዋናውን ላምጣ። የላሊበላ ልጅ ነኝ። "መሄድ ላልቻለ ኢየሩሳሌምን እዚህ" ሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ይሄንን እኮ እኛ ከነሱ 300 ዓመት ገደማ ቀድመን ጨርሰነዋል! ዮርዳኖስ አለን፣ ጎልጎታ አለን፣ ቤተልሔም አለን፣ የአዳም መቃብር ሳይቀር አለን። ፈረንጆቹ ከኛ ነው የኮረጁት 😎


ከአዲግራት | ረቡዕ ከሰዓት 10፡05

በርናርዲኖ ላስታ መጥቶ ነበር እንዴ 😂


ጋሽ ኖቫራ | ረቡዕ ማታ 1፡30

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በደርግ ጊዜ ነው፣ ቫራሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ እስከፈቀደ። ጥቂት ላርማችሁ።

ላስታ ልጄ፣ ኩራትህ ደስ ይላል ግን ኮረጁ ለማለት ማስረጃ የለህም። ኢየሩሳሌምን ባገር ቤት የመሥራት ሐሳብ እነሱም ዘንድ ከካይሚ በፊት ነበር፣ ቦሎኛ ያለውን የሳንቶ ስቴፋኖ ቤተ ክርስቲያን ሂድና እይ። ሰላሐዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ያዘ፣ ከዛ ወዲያ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ በ1400ዎቹ ደግሞ ቱርክ ባሕሩን ይዞ፣ ፈረንጁም ሐበሻውም እኩል ተቸገረ። ችግር አንድ ከሆነ መላው ቢመሳሰል ምን ይገርማል።

ካይሚ ፈቃዱን ከጳጳሱ ያገኘው በ1486 ነው። የሱ ሐሳብ ካርታ ነበር። ናዝሬት እዚህ፣ ቤተልሔም እዚህ፣ ቀራንዮ ከፍ ብሎ፣ መቃብሩ ከሥሩ፣ እዛ አገር እንዳየው አድርጎ ተራራው ላይ ዘረጋው። ቤተልሔም በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብለህ ትገባለህ፣ እንደዛኛው። ታሪኩ ተራ በተራ ከአዳም እስከ መቃብር የሆነው ከትሬንቶ ጉባኤ (የካቶሊኮች የሃይማኖት ጉባኤ) በኋላ ነው፣ ጋሌያትሶ አሌሲ የሚባል አርክቴክት በ1560ዎቹ አዲስ ፕላን አወጣ፣ ከፕላኑ ብዙው ሳይሠራ ቀረ ግን ሐሳቡ ተያዘ። ፍርግርጉም በዚያ አካባቢ የመጣ ነገር ነው። ቀለም ቀቢው፣ አንተ ገደሉት ትላለህ፣ ሰው እየገባ ሲዳስሰው ሲሳለመው ጣት ሲሰብር ቢኖር ኖሮ ግን ዛሬ ምን ታይ ነበር?

ደግሞ ሁሉም የጋውዴንዚዮ አይደለም። አዳምና ሔዋንን የሠራው ታባኬቲ የሚሉት የዛሬዋ ቤልጂየም ሰው ነው፣ ጲላጦስ ጋ ያሉት አብዛኞቹ ሐውልቶች የጆቫኒ ዴንሪኮ ናቸው፣ እጁን የሚታጠብበት ቤት ግድግዳውን የሳለው ወንድሙ ታንዚዮ ነው። እነዚህ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጡ ናቸው። ፀጉርና ጨርቅ ቢበዛም ለኔ የጋውዴንዚዮን ያህል አይገቡኝም፣ ጩኸት ይበዛባቸዋል።

የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ በ1578 መጥቶ ነበር፣ አዲስ ኢየሩሳሌም ያላት እሱ ነው። በ1584 ጥቅምት ላይ ተመልሶ መጣ፣ ሌሊት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ብቻውን ካንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ይጸልይ ነበር ይባላል። እዛው ትኩሳት ያዘው፣ ሚላን ተመልሶ በኅዳር መጀመሪያ ሞተ፣ 46 ዓመቱ ነበር።

እኔም አንዴ በክረምት ጭጋግ ወርዶ ሰው ሳይኖር ስቅለቱ ጋ ብቻዬን ቆሜ አውቃለሁ። ፈርቼ ወጣሁ። እንዲህ ስል አትሳቁብኝ።


ላስታ | ረቡዕ ማታ 1፡52

ጋሼ ተቀብያለሁ፣ ኮረጁ ያልኩት ለጨዋታ ነው። ግን ለዲያቆኑ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ከግድግዳው ወጥተው የተቀረጹ የሰው ቁመት የሚያክሉ ቅዱሳን አሉ። እጃቸው፣ ልብሳቸው፣ ሁሉ ነገር። ታዲያ እሱስ ምን ሊባል ነው?


ዘደብረ ታቦር | ረቡዕ ማታ 2፡10

አውቃቸዋለሁ ተሳልሜያለሁ። ከድንጋዩ አልተለዩም እኮ፣ ግማሽ ቅርጽ ናቸው፣ ዞረህ ኋላቸውን አታይም። ግን እሺ፣ ትናንት "ሐውልት የለንም" ብዬ በድፍኑ መናገሬ ልክ አልነበረም። ቢያንስ አንድ ቦታ ድንጋዩ ሥዕል መሆን በቅቶት ወደፊት መጥቷል።


ወለተ ኪዳን ሮማ | ረቡዕ ማታ 2፡25

ይቅርታ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ላሊበላ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ እነዚያን ቅዱሳን አላየሁም። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። ወንድሜ ወጥቶ እጁን እንዲህ አድርጎ እያሳየ ነው የነገረኝ፣ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ ፍርግርጉ ግማሹን ገደለው ስትሉ እኔ ደግሞ ቢያንስ ቀዳዳው ለሁሉም እኩል ነው እላለሁ። የፖርታ ልጅ እናትና ቦሮሜዮ በአንድ ቀዳዳ ነው ያዩት።


ጋሽ ኖቫራ | ረቡዕ ማታ 2፡33

ልጄ፣ ቦሮሜዮ ሊቀ ጳጳስ ስለሆነ በር ሳይከፈትለት አይቀርም። ነጥብሽ ግን ገብቶኛል።


ቀለም ቀቢው | ረቡዕ ማታ 2፡50

ወለተ ኪዳን ዝም አሰኘሽኝ።

ጋሼ ጩኸት ይበዛባቸዋል ያሉት ግን አከራካሪ ነው፣ ታንዚዮ ላይ አልስማማም፣ ሌላ ቀን ክር እከፍትበታለሁ።

እግረ መንገዴን፣ እዛ ጋውዴንዚዮ ጭቃ እያቦካ ባለበት ዘመን እኛ አገር ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን ሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ነበር፣ ሐበሾቹ መርቆሬዎስ ይሉት ነበር፣ በ1480ዎቹ መጥቶ ከ30 ዓመት በላይ ኖሮ እየሳለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520 ሲመጣ አግኝቶታል። ሰውዬው ሐውልት አላቆመም፣ የኛን ሥዕል ተምሮ የራሱን ቀላቅሎ ሳለ። ከሱ በፊት ደግሞ ዳጋ እስጢፋኖስ የኛው ሰዓሊ ፍሬ ጽዮን ነበረ፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ የሱ ሥዕል ላይም የፈረንጅ ተጽዕኖ አለ ይባላል። ስለዚህ የፈረንጅ ሥዕል በፖስተር ነው የመጣብን አትበሉ፣ ቆይቷል።


ሳሮኖ ነዋሪ | ረቡዕ ማታ 3፡15

ስሙኝማ እኔ ሳሮኖ ነው ምኖረው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ሳላውቀው ከሥራ ስመለስ ምቀመጥበት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የዚሁ ሰውዬ ነው ለካ!! ሳንታ ማሪያ ዴይ ሚራኮሊ። አሁን ጎግል ሳደርግ ጋውዴንዚዮ ፌራሪ 1530ዎቹ ይላል። ጉልላቱ ሙሉ መላእክት ነው፣ ሁሉም መሣሪያ ይዘው፣ ክራር መሳይ፣ መሰንቆ መሳይ፣ ከበሮ፣ ዋሽንት፣ ማኅሌት ነው በቃ። ደክሞኝ ገብቼ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አያለሁ፣ ድምፅ ሚሰማኝ እየመሰለኝ። ከሚላን በባቡር ቅርብ ናት፣ ያልቻለ እሷን ይይ።


የፖርታ ልጅ | ሐሙስ ማታ 2፡00

ሁለት ቀን ሙሉ ሙሉ ክሩን ለእማዬ እያነበብኩላት ነው፣ ቡና ላይ፣ ጎረቤቷ ኤርትራዊቷም እየመጡ ያዳምጣሉ። መልስ ትስጥ ብያት እንዲህ ብለህ ጻፍ አለችኝ፣ እንዳለችው ነው ምጽፈው፦

"መጀመሪያ ሁላችሁም ተባረኩ። አልሰገድኩም በልልኝ ለዲያቆኑ። ጫማዬን ያወለቅኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ደግሞ እግሬም አብጦ ነበር። ለሲስተር፣ አያቷን ነፍስ ይማር፣ እኔም እንቅርቱን ሳይ የናቴን እህት ነው ያስታወሰኝ። ሕፃናቱን ሄሮድስ ሲያስፈጅ ያለበትን ቤት ግን አላየሁትም ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩት፣ እንዲህ አድርጎ ምን ያደርጋል መሥራት፣ እናት አታልፍም እንዴ በዚያ? እመቤታችን ስትወድቅ የያዘቻት ሴትዮ ግን እጇ የምር እጅ ነው። የያዘቻት እንዳትወድቅባት እየፈራች ነው። እሷን የሠራው ሰው እናቱ ስትወድቅ አይቷል።"

ከዛ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፣ ሽሮው አለቀ ምናምን።

ፎቶዎቹን ከታች አያይዣለሁ፣ ብረቱን ችላችሁ እዩ።


ቀለም ቀቢው | ሐሙስ ማታ 2፡12

ሦስተኛዋ ፎቶ ላይ የሴትዮዋን የእጅ አንጓ አየሁት። እማዬ ከኔ በላይ አይታለች፣ አበቃ።


ዘደብረ ታቦር | ሐሙስ ማታ 2፡20

እናታችን መድኃኔ ዓለም እዚያው ቦታው ያድርስዎ። ስለ እግርዎ ደግሞ የጉልበት ጸበል...


ሲስተር ጄኖቫ | ሐሙስ ማታ 2፡24

ጸበሉ እንዳለ ሆኖ እግሯ ማበጡን ለሐኪም አሳያት፣ እረፍት ስታደርግ ከፍ አድርጋ ትዘርጋው፣ ግፊቷንም ተለኪ በላት። የምሬን ነው።


ሳሮኖ ነዋሪ | ሐሙስ ማታ 3፡02

እሁድ የሚላን ልጆች ተሰብስበን ብንሄድስ ቫራሎ? መኪና አለኝ ሦስት ሰው እጭናለሁ። ተራራውን በእግር መውጣት ግድ ነው?


የፖርታ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡10

ግድ አይደለም፣ የድንጋይ መንገድ አለ 20 ደቂቃ ሚያስወጣ፣ ካልሆነም ከከተማው ሽቅብ ምታወጣ ፉኒቪያ (በገመድ ተንጠልጥላ ምትሄድ) አለች። እማዬ በፉኒቪያ ነው የወጣችው፣ ዓይኗን ጨፍና። ደግሜ እሄዳለሁ እያለች ነው፣ ታችኛውን ግድግዳ አላየነውም ነበር። አንድ ቦታ ያዢላት።


ሳሮኖ ነዋሪ | ሐሙስ ማታ 3፡14

ፊት ወንበር የሷ ነው። ነጠላ ልያዝ?


የፖርታ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡15

ጋቢ ያዢ፣ እላይ ይበርዳል። ምሳ እኛ ነን፣ ሽሮ ግን የለም።